ፖታሲየም 6.4 ሲመጣ፦ መልስ

እህቴ፣ የታካሚሽ የደም ፖታሲየም 6.4 ሆኖ ሳለ ሰውየው ደህና ስለሚመስል ውጤቱን ማመን ይኖርብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ደህና መምሰሉ አያዘናጋሽ! መደበኛው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ ምንም ሕመም ሳይሰማው የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ወዲያውኑ ለሐኪሙ አሳውቂና ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) አንሺ። በኢሲጂው ላይ የቲ ሞገዱ (ከእያንዳንዱ ምት ምልክት በኋላ የሚመጣው ሞገድ) ሾጥጦ ከረዘመ ወይም ኪውአርኤሱ (የምቱ ዋና ምልክት) ከሰፋ፣ ሕክምናው ድጋሚ ናሙና እስኪደርስ አይጠበቅም። ኢሲጂው መደበኛ ቢሆንም ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም።

ናሙናው ራሱ ሊያሳስት መቻሉ እውነት ነው። ክንዱ ለረጅም ጊዜ ታስሮ፣ ታካሚው ጡጫውን ደጋግሞ እየጨበጠ ከተቀዳ፣ ወይም ቀይ የደም ሕዋሳት ቱቦው ውስጥ ከፈረሱ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። ካልሲየሙ አብሮ እጅግ ዝቅ ካለ፣ ደሙ ሐምራዊ ክዳን ካለው ቱቦ (ውስጡ ፖታሲየም ያለበት፣ ካልሲየምን የሚይዝ የደም መርጋት መከላከያ አለ) ጋር ተነካክቶ እንደሆነ ጠርጥሪ፤ ይህ በጣም የሚዘነጋ ነገር ነው። ድጋሚ ስትቀጂ ማሰሪያውን ቶሎ ፍቺ፤ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ ከሚገባበት ክንድም አትውሰጂ። የሽንቱን መጠንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ በተለይ ፖታሲየምን ከፍ የሚያደርጉትን ስፒሮኖላክቶንና ኢናላፕሪልን፣ መዝግበሽ ለሐኪሙ ንገሪ።