ማትስ ኦንላይን ለምታስተምረው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽ «የአንደኛ ዓመት ማትስ ኦንላይን አስተምራለሁ። አብዛኛው ተማሪ የሚከታተለው በስልክ ነው፣ አንድ ዓይነ ስውርም አለኝ። ኮርሱን ከየት ጀምሬ ልከልሰው?» የሚል ነው። ብዙዎች ቪዲዮ ጨምሪ ብለውሻል። እኔ ከቀመሩ አጻጻፍ ጀምሪ ነው የምልሽ።

ድሮ የእጅ ጽሑፌን ፎቶ አንስቼ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ቴሌግራም ላይ እጥለው ነበር። አንድ ቀን ዓይነ ስውር ተማሪዬ ቢሮ መጣና ላፕቶፑን ከፍቶ አሰማኝ። ስክሪን ሪደሩ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) «ግራፊክ» አለ። ቀጥሎ «ግራፊክ»። አሥራ አራት ገጽ ሙሉ ሌላ ቃል የለም። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀመር በፎቶ አልለጥፍም። ሙድል (ኮርስ የሚጫንበት የኦንላይን መድረክ) ላይ በላቴክ፣ ማለትም ቀመርን በፊደልና በምልክት ትእዛዝ በሚጽፈው አጻጻፍ፣ ከጻፍሽው ማትጃክስ የሚባለው ፕሮግራም እንደ ቀመር ያሳየዋል፣ ስክሪን ሪደርም ያነበዋል። ኤንቪዲኤ ለሚባለው ስክሪን ሪደር ማትካት የሚባል ነፃ የቀመር ማንበቢያ አለ። እንዲህ የተጻፈ ቀመር ስልክ ላይ ሲያጎሉት አይደበዝዝም፣ ዳታም እንደ ፎቶ አይበላም። ላቴክ መጀመሪያ ያማርራል፣ ቻይው።

ልጁ ሌላም አስተምሮኛል። ኦዲዮ ላይ «ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ሲካፈል ለሁለት» ብዬ ነበር። «የሚካፈለው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?» አለኝ። ኤክስ 3 ቢሆን እኮ ሁሉም ሲካፈል 2፣ አንዱ ብቻ ሲካፈል 3.5 ይመጣል! አሁን «ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ» እያልኩ ነው የምቀዳው። የሚያዩትም ወደዱት፤ ታክሲ ውስጥ በኢርፎን ነዋ የሚሰሙት።

ቋንቋውንም እይው። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው፣ እንደየክልሉ በተለያየ ክፍል ላይ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚገቡት። «አት ሊስት 5» ሲባሉ «ሊስት» (ትንሹ) የምትለዋን ይዘው ከ5 በታች ይጽፋሉ። «ቢያንስ 5» ስትያቸው ወዲያው ይመልሳሉ። ስለዚህ በየምዕራፉ መግቢያ አሥር የማይሞሉ ቃላት በአማርኛና በኦሮምኛ አስቀምጫለሁ። ኦሮምኛውን የጻፉልኝ ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

ኩዊዝ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለ40 ደቂቃ እከፍት ነበር። መብራት የሄደበት፣ ጥበቃ ሆኖ ተረኛ የሆነው፣ ሁሉም ዜሮ። አሁን ሁለት ቀን ክፍት ነው። ሙድል ላይ «ካልኩሌትድ» የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ለየተማሪው ቁጥር ይቀያይራል፣ መልስ መቀባበሉ ብዙ አያዋጣም። ተጨማሪ ሰዓት ለሚያስፈልገው ደግሞ «ዩዘር ኦቨርራይድ» ውስጥ ገብተሽ ለሱ ብቻ ትጨምሪለታለሽ።

ግራፍ ላይ ግን እስካሁን እየተንገዳገድኩ ነው። ፓራቦላን (እንደ ጎድጓዳ ሳህን የታጠፈውን መስመር) ለዓይነ ስውሩ ተማሪዬ በቃል ባብራራው ባብራራው አልሆነም። መጨረሻ ላይ ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ ለጥፌ ሰጠሁት። ኦንላይን ኮርስ ተብሎ ካርቶን! በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመና «ቨርቴክስ የሚሉት ይቺን ነው?» አለኝ። ካርቶኑ አሁንም ቢሮዬ አለ። ለተማሪሽ ከፈለግሽው መጥተሽ ውሰጂው።