«የዘመድ ልጅ ናት» ሲባል ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ከገጠር ያመጧት 11 ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አለች። ጎሕ ሳይቀድ ጀሪካን ተሸክማ ውኃ ትቀዳለች፤ ትምህርት ቤት አትሄድም፤ ስትደበደብም እንሰማለን። ሲጠየቁ «የዘመዴ ልጅ ናት፣ እየቀጣኋት ነው» ይላሉ። ባመለክት እከሰሳለሁ? ለማንስ ልንገር?

መልስ፦ ያመልክቱ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 11 ድርጊቱን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። የሚያስጠይቀው ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሰውን መወንጀል ነው።

ዝምድናው ሽፋን አይሆንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅም በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ያስቀጣል። በጤናዋ፣ በትምህርቷ ወይም በዕድገቷ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ግን ቅጣቱ ከ1 ዓመት አያንስም። ስለዚህ ዱላውን ብቻ አይናገሩ፤ ከትምህርት መቅረቷንም በቃልዎ ውስጥ ያስመዝግቡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋዋል።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ይጠይቁ፤ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ያሳውቁ። ፖሊስ የሚያተኩረው በተጠርጣሪው ላይ ነው፤ ልጅቷ ዛሬ ማታ የት ታድራለች የሚለውን ሌላ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

የጎረቤትዎ «እየቀጣኋት ነው» ግን ባዶ ቃል አይደለም። የአንቀጽ 576 ንዑስ አንቀጽ 3 ተገቢ የሆነ የማረም ቅጣትን ከወንጀልነት ያወጣል፤ የተከሳሽ ጠበቃም መጀመሪያ የሚያነሳው እርሱን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 አካላዊ ቅጣትን በግልጽ የከለከለው በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም እንጂ በቤት ውስጥ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ቢከለክልም የቤት ሠራተኝነትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ያንን በር አያንኳኳም። ወንጀልን ለባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 መሠረት ሞት ወይም ዕድሜ ልክ በሚያስቀጡ ወንጀሎች የተወሰነ ስለሆነ ጠባሳዋን ያየች ነርስ ዝም ብትል በዚህ አንቀጽ አትጠየቅም። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕፃናት ፖሊሲ ወጥቷል፤ ፖሊሲ ግን የወንጀል ሕግ አንቀጽ አይሽርም። እኔን ቢጠይቁኝ ማሻሻያው ከንዑስ አንቀጽ 3 ይጀምር፤ ቀጥሎም መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንዲያሳውቁ ይገደዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልጅቷን ራስዎ ወስደው ቤትዎ አያስቀምጧት፤ በእርስዎ ላይ አቤቱታ ሊያስነሳ ይችላል። የጥቆማዎን መዝገብ ቁጥር ይያዙና ከሳምንት በኋላ የት እንደደረሰ ይጠይቁ።