«የሠራተኞቹን ግብር አልከፈለም» የተባለ ተወዳዳሪ፦ ጥያቄና መልስ

ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚወዳደር ሰው «የዘመቻ ሠራተኞቹን በኮንትራት ስም ይዞ የደመወዝ ግብር አልቆረጠም፤ የዘመቻውንም ገንዘብ ለግሉ አውሏል» ሲባል ብዙ ጥያቄ ይነሳል። ከቀረቡት የተመረጡት ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ክሶች አንድ ላይ ነው የሚታዩት?

መልስ፦ አይደለም፤ አቤቱታዎች ከንቱ የሚቀሩትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። መዋጮን፣ የዘመቻ ወጪንና ሪፖርትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን (ኤፍኢሲ) ነው። የደመወዝ ግብር የአይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ነው። ኤፍኢሲ «ግብር አልቆረጠም» ብሎ መቅጣት አይችልም፤ ያልተከፈለውን ዕዳ ከሪፖርት ደብቆ ከሆነ ግን በዚያ ይጠይቀዋል። ተወዳዳሪው ለአገረ ገዥነት ወይም ለከተማ ምክር ቤት ከሆነ ደግሞ የመዋጮውና የወጪው ጉዳይ የስቴቱ እንጂ የኤፍኢሲ አይደለም።

ጥያቄ፦ የዘመቻ ሠራተኛ ተስማምቶ በ1099 (ግብር ሳይቆረጥ ለኮንትራት ሠራተኛ በሚሰጠው የክፍያ ቅጽ) ቢከፈለው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ስምምነቱ ለውጥ አያመጣም። የሚታየው ሥራውን ማን ያዝዛል የሚለው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ እንዲገባ የሚነገረው፣ የሚያንኳኳቸው በሮች ዝርዝር የሚሰጠው፣ በዘመቻው ኮምፒውተር የሚሠራና በየሁለት ሳምንቱ ቁርጥ ክፍያ የሚቀበል ሰው ውሉ ላይ «አማካሪ» ቢባልም ተቀጣሪ ነው፤ የሚገባውም ደብሊው-2 (የተቀጣሪ የደመወዝና የተቆረጠ ግብር ቅጽ) ነው። የራሱን ካሜራ ይዞ፣ ዋጋውን ተናግሮ፣ ለሌሎች ደንበኞችም የሚሠራ ቪዲዮ አንሺ ግን በ1099 ቢከፈለው ትክክል ነው።

ሒሳቡን እንየው። የወር ደመወዝ 4,000 ዶላር ከሆነ ለሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) 6.2፣ ለሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) 1.45፣ በድምሩ 7.65 ከመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ ይህም 306 ዶላር ነው። አሠሪውም ያንኑ ያህል ከኪሱ ይጨምራል። በወር 612 ማለት ነው፤ የገቢ ግብሩ ሳይቆጠር። 8 ሠራተኛ ለ6 ወር የያዘ ዘመቻ 29,376 ዶላር ማስገባት ነበረበት። ሁሉንም «ኮንትራክተር» ካላቸው የራሱን ግማሽ፣ 14,688 ዶላር፣ ይተርፈዋል፤ ሸክሙ ግን አልጠፋም፣ ወጣቱ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ነው የወደቀው። ይህን «የወረቀት ስህተት» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ምርጫው አልፎ ካዝናው ባዶ ከሆነስ?

መልስ፦ ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ የዘመቻው ሳይሆን በአደራ የተያዘ የመንግሥት ገንዘብ ነው። የተለመደው ጥፋት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ይፈጸማል፦ የቲቪ ማስታወቂያው ይቀድማል፣ «ግብሩን ከምርጫው በኋላ እንሞላዋለን» ይባላል፣ ምርጫው ባለፈ ማግስት መዋጮው ይነጥፋል። ሕጉ ግብሩ እንዳለበት እያወቁ ሌላውን ባለዕዳ ማስቀደምን «ሆን ብሎ» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ማን እንደሚከፈለው የመወሰን ሥልጣን የነበረው ሰው፣ ተወዳዳሪውም ሆነ ገንዘብ ያዡ ወይም የዘመቻው ሥራ አስኪያጅ፣ የተቆረጠውን መቶ በመቶ ከግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። የአሠሪው ድርሻ በዚህ ቅጣት ውስጥ አይገባም። መዘግየቱም የራሱ ቅጣት አለው፦ እስከ 5 ቀን 2 ከመቶ፣ እስከ 15 ቀን 5 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ 10 ከመቶ፣ ማሳሰቢያ ደርሶም ካልተከፈለ 15 ከመቶ። ኮሚቴውን ዘግቶ መሄድም አይቻልም፤ ዕዳ ያለበት ኮሚቴ በኤፍኢሲ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ ተራ ሰው ይህን ከየት ያያል?

መልስ፦ የኤፍኢሲ ሪፖርቶች ለማንም ክፍት ናቸው። ከ200 ዶላር ያለፈ ክፍያ ሁሉ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑ፣ መጠኑና ምክንያቱ ተጽፎ ይገኛል። ለአንድ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ልክ 1,500 ዶላር፣ «ለማማከር» ተብሎ ከተደጋገመ ልብ ይበሉ፤ ግብር የተቆረጠለት የተጣራ ደመወዝ እንዲህ ድፍን ቁጥር ሆኖ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ቀጥሎ ለአይአርኤስ ወይም ለፔይሮል (ደመወዝና ግብር አስልቶ ለሚከፍል) ድርጅት የተከፈለ ነገር መኖሩን ይፈልጉ። በመጨረሻ የዕዳውን ሰንጠረዥ ይክፈቱ፤ ጊዜው ያለፈ ከ500 ዶላር በላይ ዕዳ እዚያ መኖር አለበት። ይህ ሁሉ ግን ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም። የተሻሻለ ሪፖርት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ለግል ማዋል የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ ሰውዬው ባይወዳደርም ወጪው ይኖር ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። የቤቱ ሞርጌጅ፣ የጂም ክፍያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሽርሽር፤ መልሱ «አዎ» ስለሆነ ለግል ማዋል ነው።

ጥያቄ፦ ስሜን ሳልጠቅስ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ለኤፍኢሲ አይሆንም። አቤቱታው በጽሑፍ፣ ከሙሉ ስምና አድራሻ ጋር፣ በኖተሪ ፊት ተምሎና ተፈርሞ ነው የሚገባው። በዓይንዎ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይጻፉ። ተከሳሹ ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ 15 ቀን አለው። ምርመራ ለመክፈት ከ6 ኮሚሽነሮች የ4ቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በ2019፣ በ2020 እና በ2025 የአባላቱ ቁጥር ከ4 በታች ወርዶ እንዲህ ያለው ውሳኔ ቆሞ ነበር። ለአይአርኤስ በቅጽ 3949-ኤ ሲጠቁሙ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የግብር መረጃ በሕግ ምስጢር ስለሆነ ግን የት እንደደረሰ አይነግሩዎትም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል?

መልስ፦ የስታተን አይላንዱ (ኒው ዮርክ ከተማ) የኮንግረስ አባል የነበረው ማይክል ግሪም ጥሩ ምሳሌ ነው። በዘመቻ መዋጮው ላይ ምርመራ ሲካሄድ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2014 የተመሠረተበት ክስ ግን ከምክር ቤት በፊት ይመራው በነበረው ምግብ ቤት ላይ ሆነ፦ ገቢ መደበቅ፣ ለሠራተኞች ከመዝገብ ውጭ መክፈል። ክሱ እያለበት በኅዳር ተመረጠ፤ በታኅሣሥ የሐሰት የግብር መግለጫ እንዲቀርብ በመርዳት ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በጥር 2015 ሥራውን ለቀቀ፤ 8 ወርም ተፈረደበት። ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ግን የተከሰሰ ሰው እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ስለ ማንም ስትጽፉ «ተብሏል» የምትለዋን ቃል አትጣሏት።

ጥያቄ፦ ዘመቻው ላይ ሠርቼ 1099 ነው የላኩልኝ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሥራ ሰዓትህን ያዘዙህን መልእክቶችና የክፍያ ደረሰኞች አስቀምጥ። ቅጽ ኤስኤስ-8 ሞልተህ ተቀጣሪ መሆን አለመሆንህን አይአርኤስ እንዲወስን ጠይቅ፤ መልሱ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ግብርህን ስታሳውቅ ቅጽ 8919ን አያይዝ፤ ኤስኤስ-8 ልከህ መልስ ካልመጣልህ የምታስገባው ኮድ «ጂ» ነው። ያኔ የምትከፍለው የአንተንና የአሠሪውን ድርሻ በአንድነት፣ 15.3 ከመቶውን፣ ሳይሆን የራስህን 7.65 ከመቶ ብቻ ይሆናል፣ ገቢህም በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብህ ላይ ይሰፍርልሃል።