ሜሲ ደመወዙን በግማሽ ሊቀንስ ተስማምቶ ለምን አልቆየም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የባርሳ ቲፎዞ ነኝ። ሠፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ያላለቀ ክርክር አለ። ጓደኞቼ «ሜሲ ገንዘብ አይቶ ነው የሄደው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ላሊጋው ነው ያስወጣው እላለሁ። ግማሽ ደመወዙን ትቶ ሳለ ክለቡ ማስቀረት ለምን አቃተው? ሲሄድስ ባርሳ ስንት አገኘ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኞችህ ተሳስተዋል፤ አንተም ሙሉ በሙሉ አላገኘኸውም። ከደመወዝ መዝገቡ ልጀምርልህ፤ የኖርኩበት ሥራ ነውና። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው።)

ላሊጋው ለእያንዳንዱ ክለብ፣ ገቢና ዕዳውን አይቶ፣ የደመወዝ ጣሪያ ያወጣል። ባርሴሎና በ2019/20 የተፈቀደለት 671 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ኮሮና መጥቶ ስታዲየሙ ካምፕ ኑ ሲዘጋ የትኬቱም የሙዚየሙም ገቢ ደረቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ጣሪያው ወደ 383 ሚሊዮን ግድም ወረደ። የተፈረመው ውል ግን እንደዚያ አይወርድም። በነሐሴ 2021 ፕሬዚዳንቱ ጆአን ላፖርታ የተናገረውን አስታውስ፤ ሜሲ ከተጨመረ ደመወዝ ብቻውን የገቢው 110 በመቶ ይሆናል፣ ሜሲ ባይኖርም 95 በመቶ ነው አለ። 100 ብር ገብቶልህ 110 ብር ለደመወዝ ስታወጣ እየው። ሣሩ፣ መብራቱ፣ ጉዞው ገና አልተነሣም። ዕዳው ደግሞ 1.35 ቢሊዮን ዩሮ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ግማሹ ደመወዝ ልምጣ። የሜሲ ውል ጁን 30 ቀን 2021 አለቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ያደገ ሰው በማግስቱ በደንቡ ፊት እንደ አዲስ ፈራሚ ተቆጠረ። በዚያን ጊዜ ደንብ ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ደግሞ አዲስ ሰው ለማስመዝገብ ከሚያድነው አራት ዩሮ አንዱን ብቻ ነበር ማውጣት የሚችለው። ስለዚህ ለግማሿ ደመወዝም ቢሆን አራት እጥፏን ከሌሎች መቀነስ ነበረበት። ከማን? ኔይማር በ2017 በ222 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጥ ገንዘቡ ለዴምቤሌና ለኩቲንሆ ፈሰሰ፤ በ2019 ደግሞ ለግሪዝማን 120 ሚሊዮን ተከፈለ። እነዚህን ከነደመወዛቸው የሚረከብ ክለብ በዚያ ክረምት ከየት ይመጣል? እኔ የምወቅሰው እነዚያን ውሎች የፈረመውን አመራር ነው።

አንድ በር ግን ነበር። ላሊጋው ሲቪሲ ከተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ጋር ያመጣውን ውል ቢቀበል ባርሳ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ላፖርታ የቴሌቪዥን መብታችንን ለ50 ዓመት አላስይዝም ብሎ እምቢ አለ። በዓመቱ፣ በ2022፣ ያው ክለብ ከላሊጋ የቴሌቪዥን ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመት ሸጠ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያመኛል።

በጣሪያው ላይ ግን አትፍረድ። አንድ የአገራችን ክለብ ውስጥ ለሰባት ዓመት ፔሮል ሠርቻለሁ። አንድ ክረምት አጥቂያችን እንዳይሄድብን ተብሎ ደመወዙ በእጥፍ አደገ። ስምንት ወር ሳይሞላ ካዝናው ባዶ ሆነ። ተጠባባቂው በረኛ ከልምምድ በኋላ ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ በመስኮቴ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ ዛሬስ ገባ?» ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ «ነገ» አልኩት። በኋላ መጠየቁን ትቶ ሰላም ብቻ ብሎኝ ያልፍ ጀመር፤ እሱ ባሰብኝ። ስፔንም ይህን አይታለች። በ2011 ባልተከፈለ ደመወዝ ምክንያት ተጫዋቾች አድማ መትተው የላሊጋው የመክፈቻ ሳምንት ተራዝሟል። ጥብቁ የሒሳብ ቁጥጥር የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ በ2013 ነው።

ለጓደኞችህ፦ እውነት ነው፣ ሜሲ በ2020 ልሂድ ብሎ ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። በ2021 ግን ሊቆይ ወስኖ፣ በግማሽ ደመወዝ ተስማምቶ ነበር። ኦገስት 8 ቀን የሰጠውን መግለጫ ፈልጋችሁ እዩት። ቃል ሳይተነፍስ እንባው ቀደመው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ባለቤቱ ሶፍት አቀበለችው። ከሁለት ቀን በኋላ ለፈረንሳዩ ፒኤስጂ ፈረመ።

ባርሳ ስንት አገኘ ላልከው፣ ለዝውውሩ አምስት ሳንቲም አላገኘም፤ ውሉ አልቋላ። የኛው ኢትዮጵያ ቡና እንኳ በ2022 አቡበከር ናስርን ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሸኝ በሽያጭ ነው የሸኘው። የምትወደው ተጫዋች ሲወራ መጀመሪያ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቅ።