የሽፔርን ትዝታ እንዴት እናንብብ?

ጥያቄ፦ የሂትለር የጦር መሣሪያ ሚኒስትር የነበረው አልበርት ሽፔር የጻፈውን ትዝታ አነበብኩ። ጥፋቱን አምኖ የሚቀበል ሰው በመሆኑ፣ መጽሐፉን እንደ ታሪክ ምንጭ ልተማመንበት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ሂትለር የቅርብ ሰዎችና ስለ ሹማምንቱ ሽኩቻ ብዙ የሚገኝበት መጽሐፍ ነው፤ ሽፔር ስለ ራሱ የሚለውን ግን ከሌላ ሰነድ ጋር ሳያመሳክሩ አይቀበሉት። የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት 20 ዓመት ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ1966 ከእስር የወጣው ይህ ሰው፣ በ1969 ባሳተመው ትዝታው ኃላፊነትን በጥቅሉ ይቀበላል፤ የአይሁድን እልቂት ግን አላውቅም ነበር ባይ ነው።

ኦክቶበር 6 ቀን 1943 የኤስኤስና የፖሊስ አዛዥ የነበረው ሂምለር በፖዘን ከተማ ለናዚ ፓርቲ ሹማምንት ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ እየተገደሉ መሆናቸውን በግልጽ ሲናገር፣ በንግግሩ መካከል ሽፔርን በስም ጠርቶታል። ሽፔር ግን ከዚያ በፊት ከስብሰባው ሄጄ ነበር እያለ ኖረ፤ በ1971 በጻፈው የግል ደብዳቤ በቦታው እንደነበረ ማመኑ ይፋ የሆነው በ2007 ነው።

ከዚህም የሚከፋው የመሥሪያ ቤቱ የሥራ መዝገብ ጉዳይ ነው። የበርሊን አይሁዶች ከየቤታቸው ስለመባረራቸው የሚናገሩት ክፍሎች ከጦርነቱ በኋላ በወዳጁ በሩዶልፍ ቮልተርስ እጅ ተቆርጠው ወጡ፤ ሽፔርም የተቆረጠውን ቅጂ ለጀርመን ቤተ መዛግብት አስረከበ፤ መቆረጡን ካወቀ በኋላም ጉዳዩን ደበቀ። ስለዚህ ትዝታውን ሲያነቡ፣ ጸሐፊው በአጭሩ ያለፋቸውን ቦታዎች ምልክት እያደረጉ፣ በዚያው ጊዜ ከተጻፉ ደብዳቤዎችና ከችሎቱ መዛግብት ጋር ያስተያዩ።