ግሩፑን ማስታወቂያ ሰሌዳ አታድርጉት፦ ለወጣት የቋንቋ መምህራን

ዘንድሮ እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ክፍል የምትገቡ ልጆቼ፣

የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ግሩፕ መምህሩ ፒዲኤፍ የሚጭንበት፣ ተማሪው «እሺ ቲቸር» ብሎ የሚወጣበት ነው። ቋንቋ ግን ተማሪው ራሱ ካልተናገረና ካልጻፈ አይገባም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንቱ አፉን ይከፍታል? ከፊት ያሉት አራት አምስት ልጆች ብቻ። የድምፅ መልእክትን የምወደው ለዚህ ነው። ከኋላ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጠው ልጅ ቤቷ ሆና ትቀዳለች። መልሳ ታዳምጠዋለች። ካልጣማት አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። ለእናንተ የሚደርሳችሁ አንድ ደቂቃ ነው፤ እሷ ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ስንቴ ብላዋለች! ዋናው ልምምድ እሱ ነው። ብቻ ለመላው ክፍል ላኪ አትበሏት። አምስት አምስት አድርጋችሁ መድቧቸው። አንዱ የሌላውን ሰምቶ በድምፅ ጥያቄ ይጠይቀው።

ለጽሑፍ ጉግል ዶክስ፣ ማለትም ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ጽሑፍ ላይ አብሮ የሚጽፍበት መተግበሪያ፣ ይበቃል። ሦስት ልጆች በአንድ ገጽ ስለ ሰፈራቸው ገበያ ይጻፉ። «ሰጀስቲንግ» የሚለውን ከመረጡ እርማቱ ቀለም ለብሶ ይቀመጣል፤ የጻፈው ልጅ ይቀበለዋል ወይም ይጥለዋል። አንዱ «ሺ ጎ» ብሎ ሲጽፍ ሌላዋ «ጎዝ» ትለዋለች፣ ይከራከራሉ። እባካችሁ ያኔ እጃችሁን ሰብስቡ። ቀይ እስክሪብቶ የለመደ መምህር መታገስ እንደሚከብደው አውቃለሁ። ግን ልጅ ተከራክሮ ያገኘውን አይረሳውም። ማን ጻፈ፣ ማን በሰው ላብ ማርክ ሊያገኝ ነው የሚለውን ደግሞ እዚያው ዶክስ ላይ ያለው «ቨርዥን ሂስትሪ» (የለውጦቹ መዝገብ) ያሳያችኋል።

ስልክ የሌለው ተማሪ አለ። ስልክ ኖሮት ጥቅል መግዣ የሌለውም አለ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ተዉት። ስልክ ያለውን ከሌለው ጋር አጣምሩ፤ ለሌለው በወረቀት ተቀበሉት። በዚህ ምክንያት ማርክ መቀነስ ግፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉልኝ። ከግሩፑ ሴቲንግ ገብታችሁ መልእክት ወደ ሌላ ፎርዋርድ እንዳይደረግ ዝጉት። በሌላ ስልክ መቅዳትን ባይከለክልም ብዙ ቀልደኛ ያስቆማል። ድምፅዋ መሳቂያ የሆነባት ልጅ ሁለተኛ አትቀዳም። ስልክ ቁጥራቸውን እንዴት እንደሚደብቁም ክፍል ውስጥ አሳዩአቸው፣ በተለይ ሴቶቹን።