የባለሙያ ምክር፦ ስልክ ላይ የፈካው ንብ ወረቀት ላይ ለምን ይጠቁራል?

አንድ የአዘዞ ልጅ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከላይ ብቅ የሚል ፍላሽ ያለው ያገለገለ ካነን ካሜራ አለኝ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንሱና በካሜራው መካከል ርካሽ ቱቦ እየገጠምኩ አደይ አበባ ላይ የሚያርፉ ንቦችንና ፌንጣዎችን በቅርበት አነሳለሁ። ሥራዬ ሆኖ ሳይሆን ደስ ስለሚለኝ ነው። ካሜራው ስክሪን ላይም ስልኬ ላይም ፎቶው ፍክት ያለ ነው። ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ግን ይጨልማል። አሳትሜ ሳየውማ ንቡ እንደ ከሰል ጠቁሮ ፀጉሩ እንኳ አይለይም። ዐምና የካሜራው ስክሪን ተሰንጥቆ አስቀይሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከታች አንድ ብሎን ጎድሎታል። ሴንሰሩ ቆሽሾ ይሆን? ልክፈተውና ላጽዳው? መፍቻው አለኝ።»

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ መፍቻውን ወደ ቦታው መልስ። ካሜራህ ከላይ ብቅ የሚል ፍላሽ ያለው ዓይነት ነው። ከፍላሹ ጋር አብሮ ውስጥ የተቀበረ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ፤ ሲሞላ 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል። ባትሪውን ስላወጣህ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ከተቀመጠ ሰንብቶም ሊመታህ ይችላል። እኔ የካሜራ ጥገና ስለማመድ አንድ ቀን የጣቴ ጫፍ ነክቶት፣ እኔን ከወንበሬ ሥር፣ መፍቻዬን ከክፍሉ ማዶ አነሱን። ስለዚህ አትከፍተውም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ቢቆሽሽ ደግሞ ፎቶ አይጨልምም። ሰማይ ላይ ወይም ከንቡ ኋላ ባለው ደብዛዛ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል እንጂ። ደብዳቤህን ሳነብ ዐይኔ የቆመው «ስክሪኑን አስቀይሬዋለሁ» ያልከው ላይ ነው። ቀሪውን ሳላነብ ጥርጣሬዬ እዚያው ገባ። ፎቶዎችህ ድሮም ጨለማ ናቸው። ላፕቶፑና ወረቀቱ እውነቱን ነገሩህ፤ ያታለሉህ ካሜራውና ስልክህ ናቸው።

እንዲህ የሆነ ይመስለኛል። ስክሪኑን የቀየረልህ ሰው የገጠመልህ ርካሹን ነው። ይህ ርካሽ ስክሪን እኔ ዘንድም በየሳምንቱ ይመጣል፤ አንዱ ሰማያዊ ያበዛል፣ አንዱ ከጎን ሲያዩት ይገለበጣል፣ ሌላው ደግሞ ፈዛዛ ነው። ባለሙያ ተብዬው ደንበኛው እንዳያጉረመርም ሜኑ ውስጥ ገብቶ ብራይትነሱን እስከ ጫፍ ይሰቅለዋል። ብሎን ሳይመልስ የዘጋ ሰው ይህን አላደረገም ብለህ አትከራከረኝ። አንተ ደግሞ በዚያ ስክሪን እያየህ «ኧረ ይሄ በጣም ነጣ» ብለህ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ መቀነሻው አዙረኸዋል። አሁኑኑ ካሜራውን አብራና ያችን ከመቀነስ ወደ መደመር የተዘረጋች መስመር ተመልከት። ጠቋሚዋ መሐል ላይ ከሌለች፣ መቀነስ 1 ወይም ከዚያ በታች ላይ ከተቀመጠች፣ ነገሩ ታወቀ።

የምታደርገው ይህን ነው። ሜኑ ውስጥ የስክሪን ብራይትነስ የሚለውን ፈልግ። በአብዛኛው ካነን ላይ 7 ደረጃ አለው፤ 4 ላይ አድርገው። ከዚያ አንዱን የጠቆረብህን ፎቶ ክፈትና ሂስቶግራሙ እስኪመጣ ድረስ ኢንፎ የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን። ያ ተራራ የሚመስል ሥዕል ስክሪኑ ቢደምቅም ቢፈዝም አይለወጥም፤ የሚቆጥረው ፎቶው ውስጥ ያለውን ነውና። ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ ነው። የአንተ ተራራ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ተከምሮ ቀኙ ባዶ ሜዳ ቢሆን አልገረምም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ታዲያ እንዴት ዐይኔ ይሸወዳል?» ብሎ ነው። ይህን ስናገር ደንበኞቼ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ አንተ ግን ታገሠኝ።

እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ ታውቃለህ። እኩለ ቀን ላይ ከፀሐይ መጥተህ፣ ጫማህን አውልቀህ ስትገባ መጀመሪያ የሚታይህ ጨለማ ነው። ግድግዳው ጥቁር፣ ጣሪያው ጥቁር። ትንሽ ስትቆይ ቡናማው ከቀዩ ይለያል፤ ቆየት ስትል ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ከዚያ ዐይኖቻቸው ሁሉ ወዳንተ ሲያዩ ታያለህ። መብራት የጨመረ ሰው የለም። ሥዕሉም ያው ሥዕል ነው። የተለወጠው ዐይንህ ነው። ስትወጣ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ ነጭ ሆኖ ዐይንህን ያስጨፍንሃል፤ ስትገባ ግን ያው ድንጋይ ግራጫ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዐይን የብርሃን መጠን አይለካም፤ ያነጻጽራል። ፊቱ ካለው ሁሉ ደማቁን «ይህ ነጭ ነው» ብሎ ይይዝና ሌላውን ከእሱ አንጻር ይመዝናል። መብራት ጠፍቶ አልጋህ ላይ ሆነህ ስልክህን ብትከፍት፣ ብራይትነሱ መጨረሻ ዝቅ ብሎ እንኳ ዐይንህን ይወጋሃል። በዚያ ሰዓት በጣም የጨለመ ፎቶ ብታይ «እንዴት ያምራል» ትላለህ። ጠዋት ቁስቋም ዳገት ላይ ፀሐይ መሐል ያንኑ ፎቶ ብታይ ምንም አይታይህም። ስልኩም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የዛሬዎቹ ስልኮች ፀሐይ ሲያዩ ከ500 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) በላይ ይወጣሉ፣ ጨለማ ሲያዩ ራሳቸውን ይቀንሳሉ። አንተ ሳታውቅ ሁለታችሁም፣ ዐይንህም ስልክህም፣ እየተለዋወጣችሁ ነው። በዚህ መሐል «ፎቶው ልክ ነው» ብሎ መፍረድ፣ ገበያ ውስጥ ሻጩም ገዢውም ሚዛኑን እየተጫኑ እህል እንደ መመዘን ነው።

ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ክፍልህ ውስጥ ካለው አምፖል የሚያርፍበትን ነው የሚመልሰው፤ ከዚያም በላይ አይመልስም። ለዚህ ነው ለኅትመት የሚሠሩ ሰዎች የኮምፒውተራቸውን ስክሪን ከ80 እስከ 120 ኒት አካባቢ ዝቅ አድርገው የሚሠሩት። 500 ኒት ላይ የፈካ ንብ ወረቀት ላይ ሲወርድ ቢጠቁር ወረቀቱ ምን አጠፋ? መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ አንድ ዘዴ ልስጥህ። ላፕቶፑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት፣ ፎቶ የምታይበት ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዝ፣ ሁለቱ ነጮች እስኪመሳሰሉ ድረስ የስክሪኑን ብራይትነስ ዝቅ አድርግ። አሁን ስክሪኑ ከወረቀት ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል። መጀመሪያ ቀን ይጨልምብሃል፤ ትለምደዋለህ።

የጓደኛህ ላፕቶፕ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ወደፊትና ወደኋላ እያዘነበልክ ተመልከት። ፎቶው እየጨለመና እየነጣ ከሄደ፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ካላየህ በስተቀር አትመነው። ስልክህ ላይ አውቶ ብራይትነሱን፣ ለዐይን ምቾት የሚባለውን ቢጫ ማጣሪያና ቀለም የሚያጋንነውን ሁነታ አጥፋ። ፎቶ በቴሌግራም ስትልክ በፋይል ላክ፤ በፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ የንቡ ፀጉር እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ አበባው። አደይ አበባ ራሱ ሁለተኛው አታላይ ነው። የካሜራው ብርሃን ለኪ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሻል። ደማቅ ቢጫ ሲሞላበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ንቡ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥቁር ስለሆነ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ያነሳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጠላው አመድ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መደመር 2/3 ስጠው፤ አበባው ክፈፉን ከሞላው መደመር 1። ነገር ግን ቢጫ ቀይና አረንጓዴ ተደምሮ የሚወጣ ቀለም ነው፤ ቀዩ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ነጩን ሂስቶግራም ብቻ ሳይሆን ባለሦስት ቀለሙን ተመልከት። ቀዩ ቀኝ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የአበባው ቅጠል ሥሩ ጠፍቶ እንደ ቢጫ ቀለም ቅብ ይሆናል፤ አንድ እርከን መልስ።

ስለ ቱቦህም ሳልናገር አላልፍም። ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኋላ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ቱቦ ከደረደርክ ንቡ ሴንሰሩ ላይ በቁመቱ ልክ ያርፋል። ሴንሰርህ 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዲት ሠራተኛ ንብ ከግማሽ በላይ ትሞላዋለች፤ ይህ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ብርሃኑ ወደ ሩብ መውረዱ ነው። ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተውከው ያካክሰዋል፤ በማኑዋል፣ ቁጥሩን ራስህ እየመረጥክ፣ ትናንት ያለ ቱቦ በሠራህበት ቁጥር ዛሬም ካነሳህ ግን ጨለማ ነው። ርካሹ ቱቦ ደግሞ የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው አፐርቸሩ፣ ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይቀራል፤ የንቡ ዐይን ሲጠራ ክንፉ ጭስ ይሆናል። ሌንሱን መጀመሪያ ያለ ቱቦ ግጠምና አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ አድርግ፤ ከሌንሱ ሥር ያለችውን የጥልቀት መመልከቻ ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ፣ ካሜራው እንደበራ ሌንሱን አዙረህ አውጣው። አፐርቸሩ እንደ ጠበበ ይቀራል። ከዚያ ቱቦውን ግጠም። በነገራችን ላይ የነዚህ ቱቦዎች ጥርስ ሲዞር ብረቱ ይፋቃል። በየጊዜው አፉን በደረቅ ጨርቅ ካልጠረግኸው ብናኙ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ እውነትም ሴንሰር ማጽዳት ይመጣል።

ብርሃን ካነሰህ ብቅ የሚለውን ፍላሽ ተጠቀም፤ የሸተሩን (ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት 1/200 ሰከንድ ላይ አድርግ። ቱቦው ስለረዘመ ሌንሱ በንቡ ላይ ጥላ ይጥላል፤ አንድ ነጭ ወረቀት መሐሉን ቀድደህ ሌንሱ አፍ ላይ እንደ ጃንጥላ ብታስረው ብርሃኑ በወረቀቱ ተሰራጭቶ ይወርዳል። ፍላሹ ከነጭራሹ አልበራ ካለ እንደገና እለምንሃለሁ፣ አትክፈተው። ያልበራ ፍላሽ ያልሞላ ፍላሽ ማለት አይደለም። አምፖሏ ተቃጥላ ካፓሲተሩ ሞልቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፤ እጅ የሚመታው ያ ነው።

የማንሻ ሰዓቱን በተመለከተ፣ ፌንጣና ቢራቢሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ብርድ ይዟቸው አይንቀሳቀሱም፤ በመስከረም የጎንደር ጠዋት ጤዛው ክንፋቸው ላይ ነው። ንቡ የሚመጣው ፀሐይ ሲሞቅ ነው፤ አበባ ላይ ያለችውን አንሳ እንጂ ቀፎ አጠገብ ፍላሽ አትተኩስ።

አንድ ሙከራ ሥራልኝ። ያው አበባ፣ ያው ንብ፣ ሦስት ፎቶ፤ አንዱ ዜሮ ላይ፣ አንዱ መደመር 2/3፣ አንዱ መደመር 1። ሳታስተካክላቸው በትንሽ መጠን ሦስቱንም አሳትምና ቀን ላይ መስኮት አጠገብ እያቸው። የንቡ ደረት ላይ ያለው ፀጉር የታየበትን ለይና ጀርባው ላይ ቁጥሩን ጻፍበት። ያ ወረቀት ከካሜራህ ቦርሳ አይውጣ፤ ከእንግዲህ ስክሪን ሲያጠራጥርህ የምታመሳክረው ከእሱ ጋር ነው።

ሦስቱም ጥቁር ሆነው ከወጡ ግን የእኔ ጥርጣሬ ስቷል ማለት ነው፤ የአፐርቸሩ ምላጭ ወይም ሸተሩ ይሆናል። ያን ጊዜ ካሜራውን ከነቱቦው፣ ከነወረቀቶቹ ይዘህ ና። ባትሪውን ለይተህ፣ ከውስጡ ምንም ሳትነካ። የጎደለችው ብሎን ዓይነት መሳቢያዬ ውስጥ ሞልታለች፤ እሷን ያለ ዋጋ እገጥምልሃለሁ።